በጾም የተዋስነው የሠርግ መብራት

የዓለምን ትንሹን ምድጃ የሠራሁት እኔ ነኝ። መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ፣ መስኮቱ በካርቶን በተደፈነ ክፍል ውስጥ። ምን ያክላል ብትሉኝ፣ ከራሳችሁ ላይ አንድ ፀጉር ንቀሉና ውፍረቱን ሺህ ቦታ ሰንጥቁት፤ ከስንጣሪዎቹ አንዱን የሚያክል የወርቅ ቅንጣት ነው። እንጨት አይልም፣ ከሰል አይልም፣ ቆጣሪ አይልም። ብርሃን ሲያርፍበት ይግላል፣ አጠገቡ ያለውን ያበስላል፣ ብርሃኑ ሲነሳለት ወዲያው ይቀዘቅዛል። ከዚህ እስከ ቀይ ባሕር ድረስ እንደ እኔ ያለ ምድጃ ሠሪ የለም።

ይህን ወሬ ያልነገርኩት የባጃጅ ሹፌር በመቀሌ ቢኖር መንጃ ፈቃዱን ትናንት ያወጣ ብቻ ነው። አሁን ግን በጽሑፍ ሊቀር ስለሆነ ትንሽ ላስተካክለው። ዘዴውን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፤ በሌላው ዓለም ያሉ ተመራማሪዎች ሲሠሩበት ቆይተዋል። እኛ ዘንድም ቢሆን የሠራችው ተማሪዬ ናት። የእኔ ድርሻ በሷ ስም ቃል መግባትና መጨቃጨቅ ነበር። በነዚህ ግን የሚስተካከለኝ አላየሁም።

ተማሪዬ የደሴ ልጅ ናት። ሁለተኛ ዲግሪዋን እኛ ዘንድ የጀመረችው ከጦርነቱ በፊት ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ትምህርቱ ተቋረጠ፣ እሷም ወደ ወላጆቿ ሄደች። አብረዋት የነበሩት ሌላ ቦታ ተመዝግበው፣ ተመርቀው፣ ሥራ ይዘው፣ አንዳንዱም ወልዶ ሳለ፣ እሷ ሰላም ሲሆን አንድ ሻንጣ እየጎተተች ቢሮዬ በር ላይ ቆመች።

«አገር ሞልቶ እዚህ ምን አመጣሽ ጓለይ?» አልኳት። ልጄ ማለቴ ነው።

«ጀምሬው ነበር፤ ልጨርሰው ነው» አለች።

እኔ ጨው ስጡኝ ለማለት እንኳ መቅድም የሚያስፈልገኝ ሰው ነኝ። ያቺ አጭር መልስ ግን አፌን ዘጋችው። የዚያኑ ቀን፣ ይህቺ ልጅ በጀመረችው ነገር ሳትመረቅ ከዚህ ከተማ አትወጣም ብዬ ማልኩ። ማን አስማለህ የሚለኝ አልነበረም።

ቤተ ሙከራችን ግን አልጠበቃትም። ማን እንደ ወሰደው ዛሬ አልከራከርም፤ ብቻ ወንበሩ ሄዷል፣ ሌዘሩ ሄዷል፣ ትልቁ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሄዷል፣ የግድግዳው ሶኬት ሳይቀር ተነቅሎ ሽቦው እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሏል። በአንድ የተገነጠለ መሳቢያ ጥግ ላይ ግን አውራ ጣት የምታክል ብልቃጥ አገኘን፤ ውስጧ ብጫ ጨው የሚመስል ነገር አለ። የወርቅ ጨው ነው። ወንበር ተሸክሞ የሄደ ሰው ወርቁን ትቶልን ሄዷል! እኔ እንደሳቅሁ ዓይደር ሆስፒታል ድረስ የተኛ በሽተኛ ቀና ሳይል አልቀረም። እሷ ግን ብልቃጧን ወደ ብርሃን አንስታ «ይበቃናል» አለች።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተማረ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ ጠንቃቃ ነው። ጥንቃቄው ግን ልክ የለውም፤ በቀትር ፀሐይ ዝናብ ይመጣል ብሎ ዣንጥላ የሚይዝ ሰው ነው። ከእሱ ጋር የምንጨቃጨቀው በትግርኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ ስጽፈው ስድቡ በግማሽ ይለዝባል።

«የመመረቂያ ርዕሷን ቀይርላት» አለኝ። «በኮምፒውተር ስሌት ትመረቅ። ቁስ ለማሳደግ ምድጃ ያስፈልጋል። ምድጃው የታለ?»

«ወርቁ ራሱ ምድጃ ነው።»

«አሁንም ጀመረህ።»

«አንተ አንድ ድስት ሽሮ ለማንተክተክ ሰፈሩን ሁሉ ታቃጥላለህ? ያ የሄደው ምድጃ የሚያደርገው እሱን ነበር።»

ከዚያ ነገሩን አስረዳሁት፤ ለእናንተም ላስረዳ። እንደ ውሃ የጠራ የዚንክ ጨው ድብልቅ አለ። ቀዝቃዛ ሆኖ ካስቀመጥከው ምንም አይሆንም። ሲሞቅ ግን ታች ባለው መስተዋት ላይ የዚንክ ኦክሳይድ መርፌዎች እንደ ስንዴ አገዳ ቀጥ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ያው ለሕፃናት ቆዳ በሚቀባው ነጭ ቅባት ውስጥ ያለው ነገር ነው። ሰው ሁሉ ዕቃውን በሙሉ ያሞቃል። እኛ መስተዋቱ ላይ የወርቅ ቅንጣት እንበትናለን፣ ድብልቁን እናለብሰዋለን፣ በጠባብ አረንጓዴ ብርሃን አንድ ቦታ እንነካዋለን። እንዲህ የደቀቀ ወርቅ አረንጓዴ ብርሃን ሲያይ አያስችለውም፤ ይውጠዋል፣ ይግላል። መርፌዎቹ እዚያች ቦታ ብቻ ይበቅላሉ፣ ሌላው ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቀራል። ብርሃንን ከአቧራ ባነሰ ቦታ ውስጥ የሚያሳልፉ፣ የሚያጥፉ፣ የሚያጎሉ ዕቃዎች የሚሠሩት ከእንዲህ ያለ ነገር ነው። ለብርሃን መንገድ መሥራት ማለት ነው፤ መንገዱን ደግሞ በራሱ በብርሃን እጅ።

«ደስ ይላል» አለ ኃላፊው። «ሌዘሩስ?»

«ከዚህ ክፍል ሁሉንም ጭኖ መሄድ ይቻላል፤ ብርሃንን ግን ማንም አልጫነም» አልኩት።

ያልኩት መልስ አልነበረም፤ ንግግር ነበር። እሱም ያውቀኛል።

«ፈታኝ ፊት የምትቀርብበት ዲፌንሱ ከሆሳዕና በፊት ነው» አለኝ። «ካልበቀለ ኮሚቴው ርዕሱን ይሰርዘዋል፤ ልጅቷም እንደ አዲስ ትመዘገባለች። ይህን ነግረሃታል?»

«ይበቅላል።»

«ራስህ ላይ እንኳ የበቀለ ነገር የለም» አለ መላጣዬን እያየ።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ትግርኛዋ ብዙ ባይሆንም የተባለው ሁሉ ገብቷታል።

«መምህር» አለችኝ፣ «እልሁ የእርስዎ ነው፤ ዓመቱ ግን የእኔ ነው።»

«ታዲያ እንተወው?»

«እንተወው አላልኩም። ከዛሬ በኋላ ግን ሲምሉ አማክረውኝ ይማሉ።»

ከእናቴ ሌላ እንዲህ አድርጎ የቆነጠጠኝ ሰው አልነበረም። እሺ አልኩ። ስማክራት ግን አላቆመችኝም፤ ያስቆመችኝ የማላውቀውን ነገር እንደማውቅ አድርጌ ስናገር ብቻ ነበር። ይኸውም የንግግሬ አብዛኛው ክፍል ነው።

ሌዘሩን ያገኘነው በዐቢይ ጾም ምክንያት ነው። በጾም ሠርግ የለም። ለሠርግ አዳራሾች መብራትና ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ጎረቤት አለኝ፤ በጾም ወራት ዕቃውን በጆንያ ሸፍኖ ደጁ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ይቆጥራል። ካሉት ማሽኖች አንዷ ጣሪያው ላይና ሙሽራው ግንባር ላይ አረንጓዴ ጨረር የምትረጭ ነች።

«ለምንድን ነው የምትፈልጋት?» አለኝ።

«ወርቅ ላሞቅባት።»

«ለጥሎሽ ነው?»

«ለትምህርት ነው።»

«ለትምህርት ከሆነስ ውሰዳት» አለ፣ የሚያሳዝን ነገር እንደሰማ ሰው። «ግን እንዳትከፍታት። ፈታሁ ገጠምኩ ያለ ሁሉ ነው ያበላሸብኝ። ለዳግም ትንሣኤ ደግሞ ብትመጣም ባትመጣም እመጣልሃለሁ። ሙሽራ በጨለማ አላስገባም።»

ክፍሉን አጨልመን ስናበራት ጉዷ ወጣ። ያቺ ማሽን ለጭፈራ የተሠራች ናት። ጠባይዋ ሁለት ብቻ ነው፤ በአንዱ ሁልጊዜ ትሽከረከራለች፣ በሌላው ድምፅ ስትሰማ ትዘላለች። ቀጥ ብሎ መቆም የሚባል ነገር አልተፈጠረላትም። ስለዚህ ያለን ምርጫ በሁለተኛው ጠባይዋ ላይ አድርጎ ዝም ማለት ነው። ድምፅ ከሌለ ጨረሯ አንድ ቦታ ላይ ፍዝዝ ብላ ትቆማለች፤ ድምፅ ከሰማች ከወርቁ ላይ ዘልላ ግድግዳ ትወጣለች፣ ያሞቀችው ሁሉ ይቀዘቅዛል። ማይክራፎኗን በጥጥ ደፈንነው፣ በላዩ ጋቢ ጠመጠምንበት። ከዚያ በኋላ ባጃጁን አትሰማም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ አትሰማም፤ እኔን ግን ትሰማለች።

እግዚአብሔር ቀልደኛ ነው የምለው ያን ጊዜ ነው። በዚህ ከተማ ከሁሉ በላይ የሚለፈልፈውን ሰው መርጦ፣ ዝም ካላልክ አይበቅልም አለው።

ግን ከዝምታውም በፊት ወርቁ አስቸገረን። የወርቁን ጨው በንጹሕ ውሃ አፍልተን ከሎሚ አሲድ የሚሠራውን ጨው ስንጨምርበት፣ ደህና ከሆነ ቀለሙ እንደ ከርከዴ ሻይ ቀይ መሆን አለበት። ቅንጣቶቹ ተራርቀው ሲንሳፈፉ ቀለማቸው እሱ ነው። የእኛ ግን ትንሽ ቀላና ወዲያው አዲስ ጂንስ የታጠበበት ውሃ መሰለ። ሰማያዊ ግራጫ። ደገምነው፤ ያው። ብልቃጧ ተጋመሰች። እኔ የኃላፊው ዓይን ነው አልኩ፣ በሩ ላይ ነጭ ሽንኩርት እንስቀል አልኩ። እሷ አልሳቀችም። የቀረውን ወርቅ ታያለች፣ ቀን ታሰላለች።

አንድ ቀን ቢሮዬ ሻይ ላፈላ ስል የማንቆርቆሪያዬን ክዳን አንስታ ወደ ውስጥ አየች።

«መምህር፣ ይህ ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«የማንቆርቆሪያ ቆዳ ነዋ።»

«ማንቆርቆሪያ ቆዳ አለው?»

«የናንተ የለውም?»

«የእኛ የለውም» አለች።

ዕድሜዬን ሙሉ የዓለም ማንቆርቆሪያ ሁሉ ሲያረጅ ነጭ ቆዳ የሚያወጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቆዳውን የሚያመጣው ከተማችን የምትጠጣው የዓይናለም ጉድጓድ ውሃ ነው። ጨውና ኖራ ያለበት ውሃ ነው፤ እኛ ስለኖርንበት አይታየንም። ዕቃዎቹን እናጥብ የነበረው በእሱ ነው፤ ያውም ንጹሕ ውሃ እንቆጥብ እያልኩ አዛዡ እኔ ነበርኩ። ተራርቀው መንሳፈፍ ያለባቸውን ቅንጣቶች ያ ጨው ያጠጋጋቸዋል። እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ቀለማቸው ይለወጣል፣ ምድጃነታቸው ይበላሻል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ የምናጥበው ጋራዦች ለመኪና ባትሪ በሚሸጡት የተጣራ ውሃ ሆነ። የመኪናው ዓይነት ምንድን ነው ያለኝን ሻጭ «መኪና የለኝም» ብዬ ሳልጨምር ወጣሁ። መጨመር ስችል ነው የተውኩት፤ ዝምታውን እየተለማመድኩ ነበር።

በቀረው ወርቅ ውሃው ቀይ ሆነልን። ከርከዴ ነው የምላችሁ! ሰው ባይኖር እጠጣው ነበር።

ማብቀሉ የተሞከረው ከምሳ በኋላ፣ ግቢው ጸጥ በሚልበት ሰዓት ነው። እሷ ጨረሯን ወርቁ ላይ ታነጣጥራለች፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ አፌን በእጄ እይዛለሁ። ማስነጠስ መጣብኝ፣ ዋጥኩት። ቀልድ መጣብኝ፤ እሱን መዋጥ ከማስነጠሱ ይብሳል፤ እስካሁን ጎኔን የሚወጋኝ እሱ ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ መስተዋቱን አጥባ አደረቀችው፣ ከሱቅ የተዋስነውን የሐሰት ብር መለያ መብራት አበራችበት። እንዲህ ያለው ዚንክ ኦክሳይድ በዚያ ዓይን በማያየው ብርሃን ሥር ብጫ ሆኖ ያበራል። መስተዋቱ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ብጫ ነጥብ በራች። ጨረሯ ያረፈችበት ቦታ ላይ ብቻ።

አፌን ልከፍት ስል ጣቷን አነሳችብኝ። ማሽኗ ገና አልጠፋችም ነበር፤ ሁለተኛው መስተዋት ሥሯ ነው። ስለዚህ የሕይወቴን ትልቁን ደስታ በእግሬ ጣቶች ብቻ ጨፈርኩት።

ከዚያ በኋላ ደጋግማ አበቀለችው። ፎቶውን፣ ልኬቱን፣ ስሌቱን፣ ሁሉንም አዘጋጀች። የዲፌንሱ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ፈታኝ መጡ። ፊታቸው የማይነበብ፣ ክራባታቸው የጠበቀ። አቀራረቧን እስከ መጨረሻው አዳምጠው ሲያበቁ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፎቶውን አየሁት» አሉ። «ሲበቅል ማየት እፈልጋለሁ። ባላችሁት ዕቃ ይህ ይሆናል ብዬ ለመፈረም እቸገራለሁ።»

እኔ ተነሳሁ። «ባለን ዕቃ ነው እንጂ በሌለን ዕቃ ልንሠራ ነው እንዴ? የተዘረፈ ሰው ተቀምጦ ያልቅስ የሚል ሕግ የት አለ? እዚህ ክፍል ውስጥ...»

«መምህር» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «ላሳያቸው።»

ወደ ጨለማው ክፍል ሄድን። እሷ፣ ፈታኙ፣ ኃላፊውና እኔ። ማሽኗን ሲያዩ ፈታኙ «ይህ የጭፈራ ቤት መብራት አይደለም ወይ?» አሉ፤ ጨረሯም ከድምፃቸው የተነሳ ጣሪያ ላይ ዘለለች። ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ከንፈራቸውን ገጠሙ። ያ በበጋ ዣንጥላ የሚይዘው ኃላፊያችን ደግሞ ጎንበስ ብሎ የሚጮኹ ጫማዎቹን አወለቀና በካልሲው ቆመ። በዚያች ልጅ ላይ የተጨነቀው እኔ ብቻ እንዳልነበርኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ጨረሯ ወርቁ ላይ አረፈች። ጸጥታ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ጨረሯ እንደገና ዘለለች። እሷ ማንንም ሳታይ መልሳ አነጣጠረች፣ እንደ አዲስ ጀመረች። በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ያንን ሁሉ ደቂቃ ማንም አልተነቃነቀም።

ሲያበቃ መብራቷን አበራችባቸው። ነጥቧ አለች።

«ለምን እዚህ ብቻ?» አሉ ፈታኙ።

«እዚህ ጋ ወርቅ አለ፣ ብርሃን ግን አላሳረፍኩበትም፤ አልበቀለም» አለች። «እዚያኛው ላይ ብርሃን አሳርፌ ነበር፣ ወርቅ ግን የለም፤ እሱም አልበቀለም። ሁለቱ የተገናኙት እዚህ ነው።»

«ትልቅ ምድጃ ቢሰጥሽስ?»

«ደስ ይለኛል። ግን ይህንን መልሼ በዚሁ ነው የማበቅለው። ምድጃው ሁሉንም ቦታ ያሞቃል፤ ይህ ግን ባልኩት ቦታ ነው።»

ፈታኙ መስተዋቱን እንደገና ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ማን አስተማረሽ?» አሉ። «እዚሁ ነው የተማርኩት» አለች፤ ግድግዳው ላይ ወደ ተንጠለጠለው ሽቦ እያየች። ፈረሙ። ኃላፊው ጫማውን ሳያደርግ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ እልል ሊል ምንም አልቀረውም ነበር አሉ።

ዛሬም «በምን ቤተ ሙከራ ነው የምትመራመሩት?» የሚሉን አሉ። «በሌለን» እላቸዋለሁ። ጎረቤቴ ማሽኗን መጥቶ ወሰዳት፤ በዳግም ትንሣኤ ሠርግ ላይ ሙሽራው ግንባር ላይ ስትጨፍር አየኋት። ልጅቷም ደሴ አልገባችም፤ እዚሁ ረዳት መምህርት ሆና፣ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች የራሷን ማሽን ጨረሩ ቀጥ ብሎ የሚቆም አድርጋ እየሠራች ነው። ብልቃጧ አልቃለች። ሌላ እናገኛለን። ካላገኘን የጌጡን ብር እንሞክራለን፤ ብርም የራሱ የሚወደው ብርሃን አለው። ሂዱና የሚከለክለን ካለ አምጡት።

አንድ ነገር ይቀራል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ፈታኙ የጠየቁትን፣ እሷ የመለሰችውን፣ ሽቦውንና ፊርማውን የጻፍኩት እሷና ኃላፊው በኋላ እንደነገሩኝ ነው። እኔ አልነበርኩም። በዚያ ጸጥታ መካከል ጨረሯን ያዘለላት የእኔ ሆድ ነው። ይህቺ ልጅ በእኔ መሐላ ዓመቷን ልታጣ ነው ብዬ በጣም ስለፈራሁ ሆዴ እንደ ከበሮ ጮኸ፣ ከዚያም ተለቀቀ። በሩን ከፍቶ የወጣው እኔ ነኝ። እስኪፈርሙላት ድረስ ሽንት ቤት ተቀምጬ ነበር፤ ሱሪዬን ግን ሳላበላሽ አልደረስኩም።